«ባለደሙ» በቅርብ ቀን በሰቆጣ

የፊልም ፖስተር ሥዬ ሰው ላስገድል የደረስኩበትን ቀን ልነግራችሁ ነው። አስቀድሜ ግን ያኔ ማን እንደነበርኩ ላስተዋውቃችሁ፤ ካለዚያ ነገሩ ቀልድ ሊመስላችሁ ይችላል።

በደርግ ጊዜ ወታደር ነበርኩ። ወታደር ስላችሁ ግን ተኩሼ አላውቅም፤ የክፍሉ መፈክር ጸሐፊና ሠዓሊ ነበርኩ። አቡጀዲ ወጥሬ የመሪዎቹን ፊት እሥላለሁ፣ ከሥሩ «ወደፊት!» ብዬ እጽፋለሁ። ጦርነቱ ሲያልቅ ፊቶቹም መፈክሮቹም አንድ ላይ አለቁና ብሩሾቼን በጨርቅ ጠቅልዬ አገሬ አምደወርቅ ገባሁ። እዚያ ሥዕል የሚፈልገው ቤተክርስቲያን ብቻ ነው። ያ ደግሞ ጾምና ጸሎት ይጠይቃል፤ እኔ ከሁለቱም የለሁበትም። ስምንት ዓመት ያህል የሱቅ በር ላይ «እንኳን ደህና መጡ» እያልኩ ስጽፍ ኖርኩና ሰለቸኝ፤ ሰቆጣ ሄድኩ።

ሰቆጣ ላይ ሲሳይ የሚባል የቆቦ ሰው ቪዲዮ ቤት ከፍቶ ነበር። ቪዲዮ ቤት ማለት አግዳሚ ወንበር የተደረደረበት፣ መስኮቱ በጆንያ የተጋረደ አንድ ክፍል፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ ጓሮ ውስጥ የሚንደቀደቅ አንድ ጄኔሬተር ነው። ካሴቶቹ ከወልድያ በጭነት መኪና ይመጣሉ። ከቅጂ የተቀዱ ስለሆኑ ሽፋን የላቸውም። ሽፋን ከሌለ ፖስተር የለም፣ ፖስተር ከሌለ ሰው አይገባም። ሲሳይ ሠዓሊ መሆኔን የሰማ ዕለት ቁርስ፣ ምሳና እራት አበላኝ።

ፖስተር የምሠራው በእርዳታ ስንዴ ጆንያ ላይ ነበር። ጆንያውን ተርትሬ አጥበዋለሁ፣ ኖራና ኮላ ቀላቅዬ እቀባዋለሁ፣ ፀሐይ ላይ ወጥሬ አደርቀዋለሁ። ከዚያ በኋላ ሥራው ሕግ አለው። የሰውየው ፊት ግማሹን ቦታ ይይዛል። ከፊቱ ሥር ሽጉጥ ወይም የሚቃጠል መኪና ይገባል። ጥግ ላይ የምታለቅስ ሴት ትኖራለች፤ ፊልሙ ውስጥ ባትኖርም ትኖራለች፣ ሲሳይ ያለሷ አይሆንም ይላል። ርዕሱ በቀይ ይጻፍና ከፊደሎቹ ደም ይንጠባጠባል። ከታች «በቅርብ ቀን» ይባላል። ፊልሙ የሚታይበት ቀን ሲደርስ በዚያ ላይ «ዛሬ» የሚል ቁራጭ ይለጠፍበታል።

ፊልሞቹን ሳላያቸው ነው የምሥለው። ታዲያ ፊት ከየት አመጣለሁ? ከገበያ ነዋ! አንድ ደህና ፊት ካየሁ ዓይኔ ይዞት ይቀራል፤ ከሳምንት በኋላም ቁጭ ብዬ እንዳለ አወጣዋለሁ። አንድ ጊዜ የካራቴ ፊልም ላይ የሣልኩት ሰውዬ ቁርጥ የክሊኒኩን ዘበኛ ስለመሰለ፣ የሰፈር ልጆች ዘበኛውን ባዩት ቁጥር እየጮሁ እግራቸውን ሲያነሱበት ከረሙ። እኔ ስቄ አለፍኩት። ያን ጊዜ ነበር ልብ ማለት የነበረብኝ።

ከዚያ ያ ካሴት መጣ። የህንድ ፊልም ነው።

«ታሪኩ ምንድን ነው?» አልኩት ሲሳይን።

«ወንድሙን የገደሉበት ሰው ነው። ቆይቶ ይመለሳል። በቃ።»

«ርዕሱስ?»

«አንተ አውጣለት እንጂ!»

እኔም «ባለደሙ» አልኩት። በኛ አገር ሰው የገደለና የሟች ወገን እርስ በርስ ባለደም ይባባላሉ። አንዱ ሌላውን ሲያይ መንገድ ይቀይራል፣ በአንድ ማዕድ አይቀርቡም፤ ሽማግሌ ገብቶ ደሙን እስኪያደርቀው ድረስ አንደኛው አንደኛውን ይጠብቃል። ለፖስተር ከዚህ የበለጠ ቃል አይገኝም ብዬ በራሴ ኮራሁ።

ፊቱንም አላጣሁም። በገበያ ቀን ከእህል መደብሮቹ ትይዩ ባለው ሻይ ቤት አንድ ወጣት አይቼ ነበር። ረጅም፣ ጠይም፣ ግራ ቅንድቡን ለሁለት የከፈለ ጠባሳ ያለበት። ሻይ አዝዞ አልነካውም። ሻዩ በረደ፣ ዝንብ ገባበት፣ እሱ ግን ከመንገዱ ማዶ አንድ ቦታ ላይ ዓይኑን ተክሎ ቁጭ ብሏል። እንዲህ ያለ ዓይን አይቼ አላውቅም። ያን ፊት ከነጠባሳው ጆንያው ላይ አወጣሁት። ሲሳይ ሲያየው «እኔንም አስፈራኝ» አለ። ከዚያ የኮረም ቪዲዮ ቤት ማስታወቂያ እንዳይመስል አንድ ቃል ጨምር አለኝ፤ ጨመርኩ። ፖስተሩ እንዲህ ሆነ፦ «ባለደሙ! በቅርብ ቀን በሰቆጣ።»

የሰው መተላለፊያ ነው ብለን ከእህል መደብሮቹ ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ሰቀልነው። በማግስቱ ጠዋት ሳልፍ አንድ ነገር ደስ አላለኝም። ሌላ ጊዜ ሰዉ እየተሳሳቀ ነው የሚያየው። ያን ቀን የሚያነበው ሁሉ አንብቦ ዝም ይላል፣ ከዚያ ዘወር ብሎ ወደ መደብሮቹ ያያል። አንዲት ሴትዮ አማተቡ። ሥዕሌ ቢያምር ነው ብዬ አለፍኩ።

ከምሳ በኋላ ቤቴ ቀለም እየበጠበጥኩ ሳለ አንድ ሰው ገብቶ በሩን ከኋላው ዘጋው። አያ ደርበው ነው፤ የእህል ነጋዴ፣ ከጋዝጊብላ የመጣ፣ ቃል የማያበዛ ሰው።

«ማን ነው ያሣለህ?» አለኝ።

«ምኑን?»

«ግድግዳው ላይ ያለውን።»

«ሲሳይ ነው አያ ደርበው። ፊልም ነው እኮ።»

«ፊልም» አለ። ጋቢውን ገለጥ አደረገው። ሽጉጡን አልመዘዘም፤ እንዳየው ብቻ ፈልጎ ነው። «እኔም ፊደል ቆጥሬያለሁ። ባለደሙ ይላል። በቅርብ ቀን ይላል። በሰቆጣ ይላል። የቤቴን በር ብቻ ነው ሳትጽፍ የቀረኸው።»

የሰውየውን ታሪክ አላውቅም ነበር፤ እኔ ለከተማው አዲስ ነኝ። ግን ሁልጊዜ ፊቱን ወደ በር አድርጎ እንደሚቀመጥ አይቻለሁ። ይኸ ሁሉ ሰው የሚያውቀውን እኔ ብቻ እንደማላውቀው ያን ጊዜ ገባኝ።

«ተነስ» አለኝ። «ሲሳይ ዘንድ ምራኝ።»

እሱ ከኋላዬ፣ እኔ ከፊቱ ሆነን ሄድን። ያቺ መንገድ አጭር ናት፤ ያን ቀን ግን አላልቅ አለች። ሲሳይ በቅዱሳን ሁሉ እየማለ ፊልም መሆኑን ነገረው።

«እንግዲያው አሳየኝ።»

«አሁን? በቀን?»

«አሁን።»

ሲሳይ ጄኔሬተሩን ለማስነሳት ወደ ጓሮ ሲሄድ እኔን አስከትሎ በሹክሹክታ ያዘኝ።

«አንተ ምትኩ፣ ምን ነካህ? ያን ፊት ከየት አመጣኸው?»

«ምንድን ነው ነገሩ?»

«ሰውየው በወሰን ጠብ ሰው ገድሏል። ጦርነቱ ሊያበቃ አካባቢ ነው። ታስሮ ወጥቶ ነው እዚህ የገባው። ደሙ አልደረቀም። የሟች ታናሽ ወንድም ሁመራ ወርዷል ሲባል ነበር።»

ሻይ ቤቱ ትዝ አለኝ። ወጣቱ የተቀመጠበት ወንበር፣ ያየው የነበረው አቅጣጫ። መንገዱን ተሻግሮ ያለው የአያ ደርበው መደብር ነው። እኔ ለፊልሙ ባለደም ፊት ስፈልግ እውነተኛውን ባለደም ነው የሣልኩት። ጄኔሬተሩን ይዤ ቆምኩ። አልዋሻችሁም፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቅጽበት ፈርቼ አላውቅም።

ፊልሙ ጀመረ። በጨለማው ክፍል ሦስታችን ብቻ ነን። አያ ደርበው ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ፣ እኔን ከጎኑ አስቀምጦ ያያል። ዘፈኑ አልፎ፣ ጭፈራው አልፎ፣ ተበቃዩ ሰውዬ ብቅ አለ። ክብ ፊት፣ ቀይ፣ ጢሙ የተከረከመ።

«ይኸ ያ አይዶለም» አለ አያ ደርበው።

ወደኔ ዞረ።

«ፊልሙ ላይ ያለው ሌላ ነው፤ አንተ የሣልከው ሌላ ነው። ገዳዩስ የታለ?»

ሲሳይ በጣቱ አሳየው። ሽበታም ሰውዬ ነው፤ ሴት ልጁን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ በመስኮት ወደ ውጭ ያያል። አያ ደርበው ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ ረጅም ጊዜ አየው።

«ይሞታል?» አለ።

ሲሳይ ወደኔ አየ። ከዚያ «መጨረሻ ላይ ይሞታል» አለ።

«በምን?»

«በጥይት።»

«አጥፋው።»

ምስሉ ጠፋ። የጄኔሬተሩ ድምፅ ብቻ ቀረ። ሽጉጡ ወጣና ጉልበቱ ላይ ተቀመጠ።

«አሁን ንገረኝ። የት አየኸው?»

እስቲ ቦታዬ ሁናችሁ አስቡት። ብነግረው ሄዶ ይቀድመዋል። ወጣቱ ሻይ ቤቱ ጀርባ አልጋ ይዞ እንደሆነ ማን ያውቃል? ዝም ብል ደግሞ መጀመሪያ የምሞተው እኔ ነኝ፣ ቀጥሎ በልጁ እጅ እሱ ራሱ። በአንድ ጆንያ ምክንያት ሬሳ ሊወጣ ነው፤ የማን እንደሚሆን ግን አፌ ላይ ነው ያለው።

«አይቼዋለሁ» አልኩ። «የት እንደሆነ ግን አልነግርዎትም።»

ጀግና ሆኜ እንዳይመስላችሁ። ሌላ ቃል አልመጣልኝም። ሽጉጡ ደረቴ ላይ መጣ። ሲሳይ «እግዚኦ፣ እግዚኦ» ይላል። አያ ደርበው በአገሩ ቋንቋ በኽምጣኛ አንድ ነገር ለራሱ ተናገረ፣ ከዚያ በአማርኛ ጠየቀኝ።

«ቅንድቡ ላይ ያለው ምንድን ነው? ቀለም ተንጠባጥቦብህ ነው?»

«ጠባሳ ነው።»

«በግራ?»

«በግራ።»

ሽጉጡ ቀስ እያለ ወረደ። ሰውየው አግዳሚው ላይ ተደግፎ ዓይኑን ጨፈነ።

«እኔ ነኝ» አለ። «ያን ጠባሳ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ወንድሙን በመታሁት ዕለት ሮጦ ከመሃላችን ገባ። ያኔ ሕፃን ነበር። ዱላዬ አገኘው።» ጣቱን በራሱ ግራ ቅንድብ ላይ አሳለፈ። «ከእስር እንደወጣሁ ሽማግሌ ልኬ ነበር። እናቱ ምን ብላ መለሰቻቸው? ልጄ ይደግና እሱ ይፍረድ አለች። ይኸው እስኪያድግ እየጠበቅኩ ነው።»

ዓይኑን ገለጠ።

«አድጓል?» አለኝ ድንገት።

«አድጓል።»

«ቁመቱስ?»

«ረጅም ነው አያ።»

«ጫማ አድርጓል?»

«አድርጓል። ጥሩ ጫማ ነው።»

«ተመስገን» አለ። ስለ ራሱ ልጅ የሚጠይቅ አባት ነበር የሚመስለው። እዚያ ጨለማ ውስጥ እንባዬ መጣ።

ከዚያ ሽጉጡን ቴሌቪዥኑ ላይ አስቀመጠውና ተነሳ።

«አንተ ግድግዳ ላይ ትናገር የለ? የኔንም ተናገርልኝ። ሣለኝ። ድንጋይ አሸክመህ ሣለኝ።»

በኛ ዘንድ ሰው የበደለ ሰው ይቅርታ ሲለምን ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ ይንበረከካል። ባለደሙ «አውርድ» ካለው ማረው ማለት ነው፤ ካላለው ግን አንገቱ ለቢላዋውም ለጥይቱም የተመቸ ነው። ይኸ ሁሉ ግን በሽማግሌ መሃል፣ መስቀል በያዙ ካህናት ፊት ነው የሚደረገው። ብቻውን የሚያደርግ ሰው ሰምቼ አላውቅም።

«ሽማግሌ ይጠራ እንጂ» አለ ሲሳይ።

«ሽማግሌ እስኪሰበሰብ እሱ አይጠብቅም። ፊቱን ግድግዳ ላይ አይቶታል። የኔ ሰዎች ያጋለጡት ነው የሚመስለው። ዛሬ ይመጣል።»

እውነቱን ነው፤ እኔ ይህን አላሰብኩትም ነበር። ወጣቱም ፖስተሩን አይቷል። አንዱ የመጣብኝ መልእክት ነው ብሎ አንብቦታል፤ ሌላው ታውቆብኛል ብሎ ያነበዋል።

ሌላ የተቀባ ጆንያ ነበረኝ፤ ከነቀለሜ አመጣሁት። አያ ደርበው ከጓሮ ድንጋይ አንስቶ ማጅራቱ ላይ አደረገና ተንበረከከልኝ። ሣልኩት። በኑሮዬ እንደዚያ ፈጥኜ ሠርቼ አላውቅም፤ ሽበቱን፣ የታጠፈውን ጀርባ፣ መሬት የሚያዩትን ዓይኖች። ጨርሼ ሳየው ጥግ ላይ ባዶ ቦታ ቀርቷል፤ በልማድ የማስቀምጥባት ቦታ ናት።

«እዚህ ጋ ሁልጊዜ የምታለቅስ ሴት አለች» አልኩት።

«አለች» አለ። «ሣላት።»

ነጠላዋን አፏ ላይ የያዘች አሮጊት ሣልኩ።

«ርዕሱስ?»

«ስሜን ጻፍ።»

ጻፍኩ፤ «ደርበው»። ከታች «በቅርብ ቀን» ልል ብሩሼን ሳነሳ እጄን ያዘኝ።

«ዛሬ በል።»

ቀለሙ ሳይደርቅ ከወጣቱ ፊት አጠገብ ሰቀልነው። ፀሐይ ወደ ማዘቅዘቁ ነው። አያ ደርበው ጋቢውን አውልቆ ለሲሳይ ሰጠ፣ ድንጋዩን ተሸከመ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው፣ ጀርባውን ወደ መንገዱ አድርጎ ተንበረከከ። ጀርባውን ለሰው ሰጥቶ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው።

ነጋዴዎቹ መደብሮቻቸውን አንድ በአንድ ዘጉ። ሰዉ ከሩቅ ቆመ፤ ማንም አይቀርብም፣ ማንም አይሄድም። በወዲያኛው መንገድ አንድ ሰው አህያውን እየነዳ ሲያልፍ የሰኮናዋ ድምፅ እንኳን ይሰማል። የሻይ ቤቱን በር እያየሁ ነበር። ተከፈተ።

ወጣቱ ጎንበስ ብሎ ወጣ። ቀኝ እጁ ኮቱ ውስጥ ነው። አልተቻኮለም። ግድግዳውን ተከትሎ መጣ፣ ከአያ ደርበው ጀርባ ቆመ። ሰውየው የእርምጃውን ድምፅ ሰምቷል፤ ድንጋዩን ማጅራቱ ላይ በእጁ ሲያጠብቀው አየሁት፤ ግን ዞር አላለም።

ወጣቱ መጀመሪያ የራሱን ፊት አየ። እጁን ወደ ጠባሳው ሰደደና መለሰው። ከዚያ ሁለተኛውን አየ። ሽበታሙን፣ ድንጋዩን፣ «ዛሬ» የሚለውን። ዓይኑ ጥግ ላይ ሲደርስ እዚያው ቀረ።

«ማን ነው የሣለው?» አለ ሳይዞር።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«እናቴን ታውቃታለህ?»

«አላውቃትም።»

«ትመስላለች» አለ።

ኮቱ ውስጥ ያለው እጅ አልወጣም፤ አልተንቀሳቀሰምም። ከሰዉ መሃል የአንዲት ሴት ሲቃ ተሰማ። መጨረሻ ላይ እጁ ባዶውን ወጣ፤ በጣቱ ግድግዳውን አሳየኝ።

«የኔን አውርደው» አለ።

«የሳቸውስ?»

«የሱ ይቆይ።»

ይኸን ብሎ ሄደ። አያ ደርበውን ድንጋዩን «አውርድ» አላለውም፤ አልገደለውምም። በኮረም መንገድ የመጨረሻዋ መኪና ላይ ሲወጣ አየነው የሚሉ አሉ። አያ ደርበው እስኪጨልም ድረስ እንደተንበረከከ ቀረ፤ ድንጋዩን ከማጅራቱ ላይ ያነሳንለት እኔና ሲሳይ ነን። ቀና ሲል «ድምፁ እንደ ወንድሙ ነው» ብቻ አለ።

እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ «ታዲያ ምን ተለወጠ?» ልትሉኝ ትችላላችሁ። ብዙ ነገር ተለወጠ። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ፊት ማለት ገበያ ላይ የተጣለ፣ ያገኘ ሁሉ የሚያነሳው ነገር ይመስለኝ ነበር። የመሪ ፊትም፣ የወንበዴ ፊትም፣ የዘበኛ ፊትም ለኔ አንድ ነበሩ፤ ቀለም ነበሩ። ከዚያ ወዲህ የሰው ፊት ስሥል አስቀድሜ ባለቤቱን እጠይቃለሁ። እምቢ ካለኝ አልሥለውም። ሲሳይ በዚህ የተነሳ ተናዶብኝ ብዙ ፖስተር በጀርባ ሣልኩለት፤ ሽጉጥ ይዞ የሚሄድ፣ ፊቱ የማይታይ ሰው። ደግነቱ ሕዝቡ ወደደው።

ደግሞ እስከ ዛሬ ያልመለስኩት ጥያቄ አለ። ያን ፊት ባልሥለው ኖሮ ወጣቱ በቀጣዩ የገበያ ቀን አያ ደርበውን ከመደብሩ በር ላይ ይጥለው ነበር? ወይስ ሻዩን ሳይጠጣ ተነስቶ ይመለስ ነበር? አላውቅም። አንዳንድ ቀን ሰው ያዳንኩ ይመስለኛል፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ሰውየውን በቁሙ ግድግዳ ላይ የቸነከርኩት ይመስለኛል። እናንተ ፍረዱ።

ክረምቱ መጣና ዝናብ የአያ ደርበውን ሥዕል አጠበው። መጀመሪያ ሽበቱ ሄደ፣ ከዚያ ድንጋዩ፤ ወደ መስከረም ሲጠጋ ግድግዳው ላይ የቀረችው ጥግ ላይ ያለችው ሴትዮ ብቻ ነበረች። በልቤ ተመስገን አልኩ፤ ሰውየው ተገላገለ ብዬ። በማግስቱ ቤቴ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ሽጉጥ የለውም። የታጠበ ጆንያ አጥፎ ብብቱ ውስጥ ይዟል።

«ደብዝዣለሁ» አለኝ። «አድሰኝ።»

«አያ ደርበው፣ ዝናብ ነው እኮ ያጠፋው። እግዜር ነው ያጠፋው በሉ። እስከ መቼ ነው?»

ጆንያውን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋና በእጁ መዳፍ አስተካከለው።

«ልጁ አውርደው እስኪል» አለኝ፤ ከዚያ ድንጋይ ፍለጋ ወደ ጓሮ ወጣ።